አገር ምራቂ አይሰጥም

ይሄይስን ያሰረው ጎበዝነቱ ነው። ሰነፍ መምህር ቢሆን ኖሮ ድሮ ሊበን ገብቶ ከሚስቱ ጋር እራቱን እየበላ፣ ልጁን ትከሻው ላይ እያዞረ በኖረ። ይህን የምለው ለማላገጥ አይደለም። አንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ለዓመታት ስለኖርን፣ የሆነበትን ሁሉ ስላየሁ ነው። እሱ ኢኮኖሚክስ ያስተምር ነበር፤ እኔ ሒሳብ። ትምህርት ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ መሰናዶ ነው። ስሙን ልተወው፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ፣ እኔም በየሰርጉና በየለቅሶው እገናኛቸዋለሁ።

እኔ ራጂያ እባላለሁ፤ የቡሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ያህያ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። መደመርና መቀነስ የተማርኩት በርበሬ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እያስነጠሰኝ ነው። ስለዚህ ይሄይስ ስለ ገበያ ሲያስተምር በመስኮቱ አጠገብ ካለፍኩ ቆም ማለት ልማዴ ነበር። አንዳንዴ እስቃለሁ፤ አንዳንዴ ገብቼ ጠመኔውን ልንጠቀው ያምረኛል።

ይሄይስ የአዴት ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ አንገቱን ቀደም የሚያደርግ፣ ሰው ሲያመሰግነው ፊቱ የሚቀላ። ሚስቱ ሠርክአዲስ ሊበን ላይ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ሲጋቡ እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ ተመድበው ነበር። «ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ዓመት ዝውውር እንጠይቃለን» ተባብለው ተጋቡ። ያ የሚቀጥለው ዓመት ሳይመጣ ልጅ መጣች።

ሊበን እዚያው ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነው። ካርታ ላይ ጣትህን ብታስቀምጥ ቅርብ ነው፤ መኪና ላይ ግን ሌላ ነው። ይሄይስ ዓርብ ከሰዓት ከክፍል እንደወጣ መንገድ ዳር ቆሞ በዳንግላ በኩል የሚያልፍ መኪና ይለምናል። ዱርቤቴ ወርዶ ያድራል። ቅዳሜ ያገኘው አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያና ከበግ ጋር ተጭኖ ሊበን ይገባል። እሁድ በጠዋት መመለስ አለበት፤ ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ያልተገኘ መምህር በግምገማ ስሙ ይነሳል። በወር አንዴ ከሄደ ደግ ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው።

አንድ ሰኞ ሲመለስ እየሳቀ ነገረኝ። ልጁ ንግሥቴ አፏን የፈታችበት ሰሞን ነው። በር ላይ ቆሞ ስታየው ወደ ጓዳ ሮጠችና «እማ! እማ! እንግዳው መጣ!» አለች። እኔም አብሬው ሳቅሁ። በሚቀጥለው ሲመለስ ደግሞ፣ «አሁንም እንግዳው ነው የምትለኝ» አለኝ፤ ያን ጊዜ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ከዝውውር በቀር ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሠርክአዲስም ደክሟት ነበር። «ዘንድሮ ካልሆነ እኔንጃ፣ ይሄይስ፤ ሳላገባ የቀረሁ ነው የሚመስለኝ» ብላዋለች። ይህን ሲነግረኝ የሚያየው ወደ ጫማው ነበር።

አሁን ይሄይስ ለክፍሉ ወደ ፈጠረው ጨዋታ ልምጣ። ያኔ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። ከአዲስ አበባ የሚተላለፈው መምህር እንደ ጥይት ተናግሮ ይሄዳል፤ የኛ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነበር። የኛዎቹ ፕላዝማዎች አንድ በአንድ ጠቆሩና ቀሩ። ጠጋኝ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ይሄይስ ከሞቱት ያንዱን ሳጥን ቁልፍ ለምኖ ወሰደና የራሱን ዕቃ ያስቀምጥበት ጀመር።

የሚያስተምረው ነገር ከባድ ነው። አገሮች ሲነግዱ ማን ይጠቀማል? ማን ይጎዳል? ለምን? አንዱ ወገን፣ ንግድን ልቀቁት፣ ሁሉም ይጠቀማል ይላል። ሁለተኛው፣ የለም፣ ንግድ የጉልበት ጉዳይ ነው፤ አገሩን አጥሮ ያልጠበቀ መንግሥት ይበላል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ድሃ አገር ድሃ የሆነው ሰንፎ ሳይሆን ገበያው ከመጀመሪያው እሱን እንዲጎዳ ሆኖ ስለተሠራ ነው ይላል። ይሄይስ ይህን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሲያስረዳ፣ ከየገጠሩ በእግራቸው ማልደው የመጡት ልጆች እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ግማሹ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ይውላል። አንድ ቀን ተናደደና በማግስቱ በቆሎ በጆንያ፣ ዛላ በርበሬ በቅርጫት፣ አንድ የቲማቲም ጣሳ ደግሞ በእጁ ይዞ ገባ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ክፍሉ በአራት አገር ይከፈላል። ሁለቱ አገር በቆሎ አላቸው፣ አንዱ በርበሬ አለው። አራተኛው ምንም የለውም፤ ጣሳውን ብቻ ይዟል። ነገር ግን ያለ ጣሳ የሚሰፈር የለም፤ ባለጣሳውም ለእያንዳንዱ ስፍር ድርሻውን ይወስዳል። ደወል ሲደወል በቆሎም በርበሬም በእጁ የሌለው አገር ተራበ ይባላል። መጀመሪያ ሁሉም እንደፈለገ ይነግዳል። ቀጥሎ እያንዳንዱ አገር በሩን ዘግቶ ቀረጥ ይጥላል። በመጨረሻ ባለጣሳው እንደፈቀደው ድርሻውን ከፍ ያደርጋል፤ ማንም ሊከለክለው አይችልም። በየመሃሉ ይሄይስ «ማን ጠገበ? ለምን?» እያለ ያከራክራቸዋል። የማይቀየር ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ደወል ሳይደወል ከገበያ መውጣት ክልክል ነው። የተራበም፣ የተናደደም፣ ቁጭ ብሎ ይጫወታል።

«ይህቺ ሕግ ለምን አስፈለገች?» አልኩት።

«አገር ተነስቶ የት ይሄዳል?» አለኝ።

የመጀመሪያውን ቀን መስኮት ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ጣሳውን የያዘው ሙስሊም የሚባል የቡሬ ልጅ ነው፤ የነጋዴ ልጅ መሆኑ ከእጁ ያስታውቃል፤ ሲሰፍር አውራ ጣቱን ጣሳው ውስጥ ይደብቃል። በቆሎ ይዘው ከነበሩት መሪዋ ያምሮት ናት። አባቷ ገበሬ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። ገበያው ተጀመረ። ያምሮት በቆሎዋን አሰፍራ ለባለበርበሬዎቹ ሰጠች፤ ከዚያ አጎንብሳ ከጆንያዋ አንድ ጭብጥ ዘገነችና ከላይ ጣል አደረገችላቸው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውንም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ይሄይስ።

«ምራቂ ነው፣ ቲቸር።»

እኛ አገር ሻጭ ሰፍሮ ሲጨርስ ከላይ ትንሽ ካልጨመረ፣ ያ ገበያ ገበያ አይባልም። ያምሮት ከሕፃንነቷ ጀምሮ እናቷ ምራቂ ስትጨምር እያየች ነው ያደገችው፤ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ይሄይስ ግን ሒሳቡ ተበላሸበት። በምራቂ ምክንያት የያምሮት አገር ጆንያ ከሌሎቹ ቀድሞ ባዶ ሆነ፤ በየትኛውም መጽሐፍ የሌለ ረሃብ ተራቡ።

«አገር ምራቂ አይሰጥም!» ብሎ ጮኸ።

«እንዴ ቲቸር! ያለ ምራቂማ ማን ዳግመኛ ይመጣል?» አለች፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩላት። አባቴ ምራቂ ሲጨምሩ ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ገዢውን ማሰሪያ ነው። ምራቂ የቀመሰ ሰው ሌላ ሱቅ መሄድ ያፍራል። ይሄይስ ግን በዚያ ቀን ትምህርቱን በዚያችው ጭብጥ በቆሎ ላይ አዞረው። ባለጠጋ አገር ለድሃ አገር የሚሰጠው እርዳታ ምራቂ ነው ወይስ ሌላ ነገር? እያለ አከራከራቸው። ማንም አልተኛም። ደወል ተደውሎ እንኳ እየተሟገቱ ወጡ፤ «አገር ምራቂ አይሰጥም» የግቢው ቀልድ ሆነች። እስክሪብቶ የለመነ ሁሉ ይህን ይባላል።

ጉዱ የመጣው ጩኸቱን ሰምተው ርዕሰ መምህሩ ሲመጡ ነው። አቶ ቢሆነኝ ሊቆጡ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው መጡ፤ በር ላይ ቆሙ፤ ተማሪ ሁሉ ሲሯሯጥ፣ ሲነግድ፣ ሲከራከር አዩ። ቁጣቸው ወዲያው በረደ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከላይ የሚመጣ ጥያቄ የሚያስጨንቃቸው፣ ለሪፖርት የሚሆን ነገር ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራ ሰው ነበሩ። ያ ጊዜ ደግሞ ከገበሬው እስከ መምህሩ ሁሉም አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ወረዳ በወረዳው ላይ በምርጥ ተሞክሮ የሚፎካከርበት ጊዜ ነበር። የኛ ትምህርት ቤት ምርጥ ተሞክሮ አልነበረውም። አቶ ቢሆነኝ በር ላይ እንደቆሙ ተሞክሮ አገኙ።

መጀመሪያ የጎረቤት ትምህርት ቤት መምህራን መጥተው አዩ። ከዚያ የወረዳ ሰዎች መጡ። ይሄይስ ደስ አለው፤ ደስ አላለውም ብል እዋሻለሁ። አዲስ ሸሚዝ ገዛ። ጨዋታውን ካዩ በኋላ ከወረዳ የመጡት ሰውዬ ብድግ አሉና፣ «በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ልማታዊ መንግሥት የታለ? የኛ አገር የቱ ጋ ናት?» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት አምስተኛ አገር ተጨመረ። ይህ አገር በቆሎም በርበሬም አለው፤ በመጨረሻም የራሱን ጣሳ ከካርቶን ይሠራና ያሸንፋል። መሪው ተስፋው የሚባል አንደኛ የሚወጣ ልጅ ተደረገ፤ ሲያሸንፍ የሚያደርገው ንግግር ተጽፎ ተሰጠው። ይሄይስ ለሰዎቹ «እሺ» አለ። ለኔ ግን፣ «ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው?» አለኝ። በሰልፍ መካከል የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት። ሰዓቱን ተከራይቶ የሚኖርበት ክፍል ውስጥ ሰቅሎት ነበር፤ በኋላ ድምፁ አላስተኛ ስላለው ባትሪውን አወጣው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዝውውሩ ወጣ። ይሄይስ ፍኖተ ሰላም ዞኑ ድረስ ሄዶ ስሙን ሰሌዳ ላይ በዓይኑ አየ፤ ሊበን ተፈቅዶለታል። ሲመለስ ብታዩት! የመምህራኑን ክፍል በር ከፍቶ ቆመ፤ ፊቱን አይቼ እልል አልኩ። የቀረው የትምህርት ቤቱ መልቀቂያ ብቻ ነበር፤ እሱም ሰኔ ሳያልቅ መፈረም አለበት። ካልተፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እሱም እንደገና ወረፋ ይገባል።

አቶ ቢሆነኝ ወረቀቱን ተቀብለው ፈገግ አሉ። «እንዴ፣ ይሄይስ! አንተን ለቅቄ ተሞክሮውን ማን ያሳይልኛል? የወረዳው ማጠቃለያ ጉብኝት ይለፍና እፈርማለሁ» አሉ። ጉብኝቱ አለፈ፤ አማረ። ሲጠይቃቸው፣ «አሁንማ ዞኑ ሰምቶ ሊመጣ ነው፤ ከዞኑ በኋላ» አሉት። እንዲያውም ለተማሪዎቹ ሰልፍ ላይ ተናገሩ። «መምህራችሁ ከባለቤቱና ከልጁ ተለይቶ ስንት ዓመት አስተማራችሁ! የዞኑን እንግዶች ካስደሰታችሁልኝ እኔም በደስታ እሸኘዋለሁ» አሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ያምሮት ከሰልፉ ፊት ቆማ ስታጨበጭብ አይቻታለሁ፤ ከሁሉ መጨረሻ ያቆመችው እሷ ናት።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ይዤው ቁጭ አልኩ።

«ይሄይስ፣ ወንድምዓለም፣ ኢኮኖሚክስ ታስተምራለህ እንጂ ገበያ አታውቅም።»

«ምን አጠፋሁ ደግሞ?»

«አባቴ በቅሎ ሊሸጡ ገበያ ሲወጡ አንካሳዋን ነው የሚወስዱት። ደህናዋን ቤታቸው ያስራሉ። ከዞኑ በኋላ ክልል አለ፤ ከክልል በኋላ ደግሞ ሌላ አይጠፋም። ባማረ ቁጥር ገመድህ ይጠብቃል።»

ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አበላሸው። ቢበዛ በግምገማ ‹አቅም ያንሰዋል› ይሉሃል። አቅም ያነሰው መምህር ላይ ለመፈረም የማይቸኩል ርዕሰ መምህር እስካሁን አላየሁም።»

«ልጆቹ ፊት ልዋረድ?»

«አንዴ ተዋርደህ ልጅህ ዘንድ ግባ።»

ያ ጨዋታ በሕይወቱ ከራሱ ያወጣው ብቸኛ ነገር እንደነበር አውቃለሁ፤ እሱን በገዛ እጁ ማበላሸት ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ እሺ አለ። ለልጆቹ ንገራቸው ብለው ግን በጭራሽ አለኝ። «ተማሪን ውደቁ ብዬ አላስተምርም። ጥፋቱ የኔ የብቻዬ ይሁን» አለ። ተከራከርኩት፤ አልሰማኝም። እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት ከፕላዝማው ሳጥን ጣሳውን አወጣና ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከደብተሮቹ ሥር አደረግኩት።

እንግዶቹ በሁለት መኪና መጡ። አቶ ቢሆነኝ ክራቫት አድርገዋል። ክፍሉ ሞላ፤ እኔም ከመምህራኑ ጋር ከኋላ ቆምኩ። ልጆቹ ታጥበው፣ ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው፣ አገር አገራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ይሄይስ ሳጥኑን ከፈተ። በቆሎውን አወጣ። በርበሬውን አወጣ። ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤ ከዚያ ዞረና፣

«ይቅርታ፣ ጣሳው የለም» አለ።

የአቶ ቢሆነኝ ፊት አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። «እንዴት የለም?» አሉ በጥርሳቸው።

«ረስቼዋለሁ። ያለ ጣሳ ጨዋታው አይሆንም። ለዛሬ እንተወው» አለ ይሄይስ። ውሸት አልለመደምና የሚያየው ወደ ሳጥኑ ነበር። ከዞን የመጡት ሰውዬ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። አለቀ፣ ሊበን ገባ አልኩ።

ያምሮት ተነሳች።

«ቲቸር፣ ግድ የለም፣ አይጨነቁ» አለች። ወደ እንግዶቹ ዞረች። «ጣሳ ሲጠፋ ገበያ ይበተናል እንዴ? እኛ ሰፈር በእፍኝም ይሰፈራል» አለችና ሁለት እጇን ገጥማ በቆሎውን ዘገነች። «ማነው ባለበርበሬ?»

«ያምሮት፣ ተቀመጪ» አለ ይሄይስ።

አልሰማችውም፤ ወይም የተጨነቀላት መሰላት። ባለበርበሬዎቹ ቀረቡ። የማን እጅ ይሰፍራል የሚል ክርክር ተነሳ፤ ልጆቹ በሚያስገርም ፍጥነት ራሳቸው ሕግ አወጡ፦ ሻጭ በእጁ ይሰፍራል፤ ገዢው ቅር ካለው ግን እጁን ከሻጩ እጅ ጋር ለክቶ ይሟገታል። ተሰፈረ። ያምሮት ከሰፈረች በኋላ ጎንበስ አለችና ጭብጥ ጨመረች። እንግዶቹ ሳቁ። «ይሄ ምንድነው?» አሉ ከዞን የመጡት። «ምራቂ ነው፣ ጌታዬ» አለች። ሙስሊም ጣሳ የሌለው ባለጣሳ ሆኖ ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ብድግ ብሎ፣ «እኛ አገር ጣሳችን ጠፍቶብናል፤ እንግዲህ ሠርተን እንብላ፤ ጆንያ እንሸከማለን!» ሲል ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። ዞኑም ሳቀ፣ ወረዳውም ሳቀ። አቶ ቢሆነኝ ላባቸውን በክራቫታቸው ጠረጉ።

ወላሂ፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ትምህርት አላየሁም። ልጆቹ ያለ ጣሳ ጨዋታውን እስከ መጨረሻ ተጫወቱት፤ በር ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። ይሄይስ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል። ጠመኔ በእጁ ደቅቋል። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ፤ ምን ልበለው? እኔም እንደሱ ቆሜ ነው የማየው። በመጨረሻ አልቻለም።

«በቃ፣ በቃ ልጆች! ጊዜው አልቋል፣ እንግዶቻችንንም አናድክም፤ ውጡ» አለ።

ያምሮት ሳቀችና ጣቷን አወጣች። «ቲቸር፣ ደወል አልተደወለም። ከገበያ መውጣት ክልክል ነው ብለውናል!»

«ልክ ናት! ልክ ናት!» ብለው አጨበጨቡ ከዞን የመጡት ሰውዬ።

ስለዚህ ቁጭ ብሎ ደወሉን ጠበቀ። ተስፋው ንግግሩን አደረገ፤ ልማታዊው አገር አሸነፈ። የዞኑ ሰውዬ ተነሱ። ብዙ ተሞክሮ አይተናል፣ እንዲህ ያለ ግን አላየንም አሉ። መምህሩ ጣሳውን ሆን ብሎ ደብቆ ተማሪዎቹ በራሳቸው እንዲያስቡ ማድረጉ የሚደነቅ ዘዴ ነው አሉ። ሆን ብሎ መደበቁን ማወቃቸው ገረመኝ፤ የተደበቀበትን ምክንያት ብቻ ነው የሳቱት። ይህ ለክልሉ መቅረብ አለበት፤ ባለሙያውም እዚሁ ሆኖ ሌሎችን እንዲያሠለጥን ይደረግ፤ ርዕሰ መምህሩንም አደራ አሉ። አቶ ቢሆነኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እሺ አሉ። ሰኔ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነበር።

እንግዶቹ ወደ ምሳ ከሄዱ በኋላ ይሄይስ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ተናድጄ ነበር፤ በሰውየው፣ በአቶ ቢሆነኝ፣ በራሱ በይሄይስም። ለልጆቹ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ኖሮ!

ያምሮት እየሮጠች መጣች። ከኋላዋ ሙስሊምና ሌሎቹም አሉ፤ ቀርበው አልቀረቡም፣ ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ። እጇ ገና በርበሬ እንደነካው ነው፤ ዓይኗን በክንዷ ትጠርጋለች።

«ቲቸር፣ ጣሳውን ሲረሱት ደነገጥን። ዛሬ ሊበላሽብዎት ነው ብለን...» አለችና ትንፋሿን ሰበሰበች። «አገር ምራቂ አይሰጥም ብለውን ነበር። እኛ ግን ተማክረን ለእርስዎ ጨመርንልዎ። ከተለማመድነው በላይ ነው የተጫወትነው፤ አላዩም?»

«አይቻለሁ» አለ ይሄይስ።

«አሁን ይለቁዎታል አይደል? ከንግሥቴ ጋ ይሄዳሉ አይደል?»

ልጁን በስሟ ነው የጠራቻት። ለካ ሁሉም ያውቃሉ። ይሄይስ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ በሚገርም ሁኔታ ፈገግ አለላት። ያን ፈገግታ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አዎ፣ እታለም» አላት። «ይለቁኛል። እግዜር ይስጥልኝ፤ ለሁላችሁም።»

እየዘለሉ ሄዱ። አንዷ ስትሄድ እልል አለች።

ከቦርሳዬ ጣሳውን አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ አጠገቡ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ስልኩ ጮኸ፤ ሠርክአዲስ ናት። ዕለቱን ታውቃለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ ኖራለች። ልርቅለት ስል በእጁ ቆዪ አለኝ፤ ብቻውን መሆን ፈርቶ ይመስለኛል። የምሰማው የሱን ብቻ ነበር።

«አዎ፣ ሄዱ... ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር፣ ሠርኬ... አዎ፣ ወደውታል... አይ። አልፈረሙም።»

ከወዲያ በኩል ልቅሶ ይሁን ዝምታ መለየት አልቻልኩም። ይሄይስ ጣሳውን በእግሩ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ያንከባልለው ጀመር። ቆይቶ የሕፃን ድምፅ ሰማሁ፤ ንግሥቴ ስልኩን ከእናቷ እጅ ወስዳለች፤ ማነህ፣ ማነህ ትላለች።

«እኔ ነኝ፣ ንግሥቴ» አለ። ልጅቷ እንደገና ጠየቀች። ይሄይስ እግሩን ከጣሳው ላይ አነሳና ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ ነኝ» አላት። «እንግዳው።»